የታሸገው ባትሪ ይከፈት

ክረምቱ ረጅም በሆነበት በኢሉባቦር አገር የእጅ ባትሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ ዝናቡ ሲወርድና መብራቱ ድንገት ሲጠፋ፣ ተማሪው ደብተሩን፣ ነጋዴው የሱቁን ቁልፍ፣ አዋላጇም የምትረዳትን ወላድ የሚያዩት በዚህ በትንሽ ዕቃ ብርሃን ነው። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን መስመሩ ያልደረሰበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ ከደረሰም በኋላ የሚቋረጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ስለ እጅ ባትሪ ብንጽፍ፣ ትንሽ ነገር አንሥተው አተቱ ተብለን የምንታማ አይመስለንም።

የቀድሞውን ባለድንጋይ ባትሪ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። ክዳኑን ጠምዝዞ መክፈት ለሕፃን እንኳ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አንድ ነጥብ አምስት ቮልት ያለው ሁለት ድንጋይ ይገባበታል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አምፑሉ ሲቃጠል በሌላ ይለወጣል። ፋኖስም እንዲሁ ነበር፤ ክሩ ለብቻ፣ ብርጭቆው ለብቻ ይሸጥ ነበር። የውጭ አገር ዕቃ በባሮ ወንዝ በመርከብ እስከ ጋምቤላ መጥቶ፣ ከዚያ በበቅሎ ወደ ጎሬ ዳገት በሚወጣበት ዘመን፣ አንዱ ነገር ቢሰበር ሁሉን መጣል የማይታሰብ ነበር።

ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ባትሪ ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ ኤል ኢ ዲ ከሚባለው ጥቃቅን መብራት ይወጣል። ነጩን ኤል ኢ ዲ ያስገኘውን ሰማያዊ ብርሃን የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሊቃውንት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ በጥቂት ኃይል ብዙ ብርሃን እንድናገኝ አድርገዋልና ይገባቸዋል። ብርሃኑን የሠሩትን እናመሰግናለን፤ ማቀፊያውን ብሎን ነሥተው በማስቲሽ የደፈኑትን ግን አናመሰግንም። በእነርሱ ምክንያት ባትሪው አንድ ቀን እምቢ ሲል፣ ባለቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ በመዳፉ መትቶት ወደ ቦይ ይወረውረዋል።

ለመሆኑ በዚያ በታሸገው ሆድ ውስጥ ምን አለ? ብዙውን ጊዜ ከአምስት ነገር አይበልጥም፤ 4 ቮልት ያለው የእርሳስ ባትሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከግድግዳ የሚሞላበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ሬዚስተሩና መብራቶቹ። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም አራቱ ደኅና ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም የሚታመመው ባትሪው፣ ማብሪያው ወይም ከብየዳው የተላቀቀ አንድ ሽቦ ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ለወራት ሲቀመጥ ውስጡ ይጠጥርና ኃይል መቀበል ያቆማል፤ ስለዚህ እስኪጠፋ ድረስ ሳያደክሙ፣ ባይሠሩበትም በየወሩ መሙላት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

መክፈቱስ? ከሁሉ በፊት ከግድግዳው መነቀሉን ማረጋገጥ ነው። በዚህ ዓይነቱ ርካሽ ዕቃ ውስጥ ትራንስፎርመር የለም፤ የ220 ቮልቱን ኃይል የሚገታው አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ አራት ዳዮዶችም አቅጣጫውን ያስተካክሉታል። እንደተሰካ የከፈተው ሰው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በጣቱ እንደነካ ይቆጠራል፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ጥቂት ኃይል ሊያቆይ ስለሚችል አለመቸኮል ይበጃል። ከዚያ ብሎኑን መፈለግ ነው፤ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር የተደበቀ ብሎን ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከሌለ፣ ቀጭን ስለት በመጋጠሚያው መስመር ላይ ቀስ እያሉ ማስኬድ እንጂ በመዶሻ መምታት አያስፈልግም። ሽቦ ከመፍታት በፊት ቀዩና ጥቁሩ የት እንደነበሩ በወረቀት መሳል ደግሞ የጥሩ ባለሙያ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። የኦም ሕግ የሚባለውን በክፍል ውስጥ ያላጠና ማን አለ? እንግዲህ ያ ሕግ በዚህ ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል። 4 ቮልት ካለው ባትሪ ላይ ኤል ኢ ዲው 3 ቮልት ቢወስድ የሚተርፈው 1 ቮልት ነው፤ በመብራቱ የሚያልፈው 20 ሚሊ አምፔር እንዲሆን ከተፈለገ፣ 1 ለ 0.02 ሲካፈል 50 ኦም ይመጣል። ሬዚስተሩ ይኸው ነው። ይህን ስሌት በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ልጅ፣ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ሰው ሳያየው ያልፋል። ጠጋኙም በበኩሉ ቀመሩን ሳያውቅ በእጁ ልማድ ይሠራል። ሁለቱ አንድ ላይ አለመቀመጣቸው ለሁለቱም ጉዳት ነው።

ጉዳቱም በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንዳንድ ሰው የሞተውን የእርሳስ ባትሪ አውጥቶ ከአሮጌ ስልክ የተገኘ የሊቲየም ባትሪ ይተካበታል። ባትሪው ለጊዜው ያበራል። ነገር ግን ሊቲየም ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት አይወድም፤ የዚያ ርካሽ ዕቃ መሙያ ደግሞ ‹‹ይብቃ›› ማለትን አያውቅም። ውጤቱ ማበጥ፣ ከዚያም ቃጠሎ ሊሆን ይችላል። ልማድ ያለው እጅ ዕውቀት ካለው ራስ ጋር ቢገናኝ ኖሮ ይህ ስሕተት አይደርስም ነበር።

‹‹ዋጋው ጥቂት ነው፤ አዲስ ይገዛል›› የሚሉ አሉ። ዋጋው በገዢው ኪስ ብቻ አያበቃም። በባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው፤ አሲዱም ያቃጥላል። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር (ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ) ነው፤ በእንዲህ ያለ አገር ምንጭና ማሳ አጠገብ እርሳስ መጣል ነውር ነው። ያለቀው ባትሪ ከመኪና ባትሪ ጋር አሮጌውን ለሚሰበስቡ ሰዎች ይሰጥ እንጂ አፈር ላይ አይጣል።

ደግሞም ዕቃ ቶሎ እንዲሞት ማድረግ የሰው ውሳኔ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ታላላቆቹ የአምፑል ፋብሪካዎች ጄኔቭ ላይ ተስማምተው የአምፑልን ዕድሜ በ1000 ሰዓት ወስነው ነበር። በውሳኔ የተዘጋ ግን በውሳኔ ይከፈታል። የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ በትናንሽ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባ ባትሪ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚተካው እንዲሆን አዟል።

የእኛስ ወጣት ሠራተኞች ምን ያድርጉ? ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለጽሕፈት ቤት ዕቃ የሚገዙት እነርሱ ናቸው። በግዢው ወረቀት ላይ ‹‹በብሎን የሚፈታ፣ ባትሪው የሚለወጥ›› የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ወጪ አያስከትልም፤ ነጋዴው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ያስተምረዋል። በመቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ደግሞ የተጣሉ ባትሪዎችን ሰብስበው፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ጠጋኙንና ተማሪውን በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጡ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ቤተ ሙከራ ይሆንላቸዋል።

ትልቅ ማሽን ገና እንሠራለን እያልን የምንመኝ ሕዝብ ነን፤ ምኞቱም መልካም ነው። ነገር ግን የትልቁ ማሽን ትምህርት የሚጀመረው ከትንሹ ነው። አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ የተጣለ ባትሪና ትዕግሥት ያለው እጅ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃሉ።