ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር

ስልክ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ራሙ ስንት ነው? ሜሞሪውስ? ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ባትሪው 5000 ነው ወይስ 6000? ሻጩ መልሱን ከካርቶኑ ላይ ያነብለታል፤ ሁለቱም በቁጥር ይግባባሉ። የሚከፈለው ገንዘብ የወራት ደመወዝ ነውና ገዢው አጥብቆ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የስልኩን ዕድሜ የሚወስነው ቁጥር ካርቶኑ ላይ የለም። ስለሌለም የሚጠይቀው የለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ የስልኩ ሶፍትዌር ችግር ሲገኝበት አምራቹ እስከ መቼ ድረስ ሊያስተካክለው ቃል ገብቷል?

ይህ ጥያቄ የባለጸጎች ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ዊንዶውስ ፎን የተባለው የስልክ ሲስተም ምን እንደደረሰበት መለስ ብሎ ይመልከት። የሞተ ሲስተም ነው፤ ዛሬ የሚይዘው ሰው እምብዛም ነው። ትምህርቱ ግን በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ላለ ስልክ ይሠራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥርና ዓመት ሲቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ጥሩ ሐሳብ፣ ጥሩ ዕቃ

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን 7ን ገበያ ላይ ያዋለው በ2010 መጨረሻ ነው። አይፎንና አንድሮይድ ገበያውን ይዘውት ነበር። ዘግይቶ የመጣው ኩባንያ ለአምራቾች ጥብቅ መስፈርት አወጣ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የካሜራው ዝቅተኛ መጠን፣ ከፊት ያሉት ሦስት ቁልፎች ሳይቀሩ በመስፈርቱ ተወሰኑ። ዓላማው የማንንም ምርት የገዛ ሰው ተመሳሳይ አገልግሎት እንዲያገኝ ነበር።

በየካቲት 2011 ኖኪያ ከማይክሮሶፍት ጋር መጣመሩን አስታወቀ። የኖኪያ ሥራ አስፈጻሚ ስቴፈን ኢሎፕ ራሳቸው ከማይክሮሶፍት የመጡ ነበሩ። የመጀመሪያው ሉሚያ ስልክ ይፋ የሆነው ግን በጥቅምት 2011 ነው። በመካከሉ ኖኪያ ሲምቢያን የተባለውን የራሱን ሲስተም ሊተወው መሆኑን ለዓለም ነግሮ ጨርሷል። ሊሞት የተፈረደበትን ሲስተም ማን ይገዛል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ያም ሆኖ ስልኮቹ መጥፎ አልነበሩም። በ2013 የወጣው ሉሚያ 520 ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ካርቶኑን ብቻ ላነበበ ሰው ደካማ ስልክ ነው። በእጅ ሲያዝ ግን በዚያው ዋጋ ከሚሸጡ ብዙ አንድሮይዶች በተሻለ ያለ መንተፋተፍ ይሠራ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ለትንሽ ራም ተብሎ የተሠራ ነበርና። ከዊንዶውስ ፎኖች ሁሉ በብዛት የተሸጠውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሉሚያ 1020 ደግሞ 41 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ መጥቶ የዘመኑን የስልክ ካሜራዎች አስንቋል። የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ የካርቶን ቁጥር ብቻውን ስለ ስልኩ ጥራት የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው።

▪️ ስህተት ኃጢአት አይደለም

ሁለተኛው ትምህርት ከሶፍትዌር ስህተቶቹ ይገኛል። ሉሚያ 800 እንደወጣ ባለቤቶቹ ባትሪው ቶሎ ያልቃል ብለው ማማረር ጀመሩ። ሲጣራ ባትሪው ደህና ነበር፤ ስልኩ የባትሪውን ሙሉ አቅም እንዳይጠቀም ያገደው ሶፍትዌሩ ነበር። ባትሪ ቢለወጥ ምንም አይፈይድም። መድኃኒቱ አፕዴት ነበር፤ እሱም መጣ።

ሉሚያ 900 በሚያዝያ 2012 በአሜሪካ ገበያ ሲውል የባሰ ነገር ገጠመው። በሜሞሪ አያያዝ ላይ የነበረ ስህተት ስልኩ የኢንተርኔት ግንኙነቱን እንዲያጣ ያደርግ ነበር። ኖኪያ ስህተቱን በይፋ አመነ፣ በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ለቀቀ፣ ለገዢዎቹም የ100 ዶላር ካሳ ሰጠ። ስልኩ ከሁለት ዓመት ውል ጋር የሚሸጠው በ100 ዶላር ገደማ ስለነበር፣ ገዢዎቹ በነጻ ያገኙት ያህል ሆነ።

ስህተት የሌለበት ሶፍትዌር በምድር ላይ የለም። አይፎንም አለበት፣ አንድሮይድም አለበት። ኩባንያ የሚለካው ስህተት ባለመሥራቱ ሳይሆን ስህተቱ ሲገኝ በሚያደርገው ነገር ነው። በዚህ መለኪያ ኖኪያ በሉሚያ 900 ላይ የሠራው የሚመሰገን ነው። ገዢውን ያስከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

▪️ ላም አለኝ በሰማይ

ሰኔ 20 ቀን 2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን 8 እንደሚመጣ አበሠረ። ከብሥራቱ ጋር መርዶ ነበረበት። አዲሱ ሲስተም ከሥሩ የተለየ ስለሆነ በገበያ ላይ ያሉት የዊንዶውስ ፎን 7 ስልኮች አንዳቸውም ወደ እሱ አያድጉም። ሉሚያ 900 በአሜሪካ መሸጥ ከጀመረ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ገዢው የሁለት ዓመት ውል ፈርሟል፤ ስልኩ ግን በሦስተኛው ወሩ ላይ ጡረታ ወጣ። ለማስተዛዘኛ የተሰጠው 7.8 የተባለ አፕዴት የፊት ገጹን አሳመረ እንጂ ለአዲሱ ሲስተም የተሠሩትን አፖች ማስኬድ አልቻለም።

ሁለተኛው ዙር ከዚህ ይብሳል። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል በሚያዝያ 2014 ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ ዊንዶውስ 10 ለስልክም እንደሚመጣ ተነገረ። ዊንዶውስ ፎን 8 የያዙ ሉሚያዎች በሙሉ እንዲያድጉ ዕቅድ መኖሩም ተገልጾ ነበር። በመጋቢት 2016 ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ብዙዎቹ የሉበትም። ሚሊዮኖች የያዙት ሉሚያ 520 ቀረ። ሁለት ጊጋባይት ራምና 41 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ሉሚያ 1020ም ቀረ። በአንጻሩ አንድ ጊጋባይት ራምና ሁለት ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው፣ 70 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ሉሚያ 430 ከዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በካርቶን ቁጥር ቢሆን 1020 ከ430 ጋር ለውድድር አይቀርብም። ዕድሜውን የወሰነው ግን ራሙ ወይም ካሜራው ሳይሆን የአምራቹ ውሳኔ ነበር። ብዙ የከፈለው ሰው ወደ ኋላ ቀረ፤ ጥቂት የከፈለው አለፈ። ሁለቱም ሲገዙ ይህን የሚነግር ነገር አላዩም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። በ2015 ማይክሮሶፍት ከኖኪያ ግዢ ጋር በተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ 7,800 ያህል ሠራተኞችን ለመቀነስ ወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሉሚያ 950 በወረቀት ላይ አንደኛ ደረጃ ስልክ ነበር፦ ሦስት ጊጋባይት ራም፣ 20 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ዓይን አይቶ የሚከፍት መቆለፊያ። ሶፍትዌሩ ግን ገና ያልበሰለ መሆኑን የሞከሩት ሁሉ ጻፉ። ጥር 14 ቀን 2020 የመጨረሻው ድጋፍ ቆመ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በ2019 የመጨረሻ ቀን፣ ዋትስአፕ ዊንዶውስ ፎንን ተሰናብቷል። ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያልደከመ ስልክ ከዘመድ ወዳጅ ጋር መነጋገሪያ መሆኑ አበቃ።

▪️ «የገደለው የአፕ እጥረት ነው»

እዚህ ላይ የሚነሳ መከራከሪያ አለ። ዊንዶውስ ፎንን የገደለው የተሰበረ ቃል ሳይሆን የአፕ እጥረት ነው ይባላል። እውነትነት አለው። ኢንስታግራም በአንድሮይድ ከወጣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው በዊንዶውስ ፎን የደረሰው። ስናፕቻት ጨርሶ አልመጣም። ጉግልም በ2013 ማይክሮሶፍት የሠራውን የዩቲዩብ አፕ አግዶታል። የማይክሮሶፍቱ ጆ ቤልፊዮሬ በ2017 እንደተናገሩት፣ ኩባንያው አፕ ሠሪዎችን በገንዘብ ጭምር ቢያግዝም የተጠቃሚው ቁጥር ለአብዛኞቹ ድርጅቶች በቂ አልነበረም።

ታዲያ ተጠቃሚው ለምን አነሰ? ዘግይቶ መምጣቱ አንድ ምክንያት ነው። ሆኖም ቀድሞ ያመነና የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ሜዳ ላይ ሲጣል ለጎረቤቱ «ግዛ» አይልም። ደንበኛ ሲሸሽ አፕ ሠሪው ይሸሻል፤ አፕ ሠሪው ሲሸሽ የቀረውም ደንበኛ ይከተላል። የአፕ እጥረትና የተሰበረ ቃል እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸው።

▪️ ይህ ለኢትዮጵያ ገዢ ምኑ ነው?

ብዙ ነው። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚይዘው ስልክ ከሌላ እጅ የመጣ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ሁለት ሦስት ዓመት የተጠቀመበትን ይልካል፤ ወይም «ስላይት ዩዝድ» ተብሎ ይገዛል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለው የመጀመሪያ ባለቤት የአፕዴት ዘመን ማለቅ ግድ አይሰጠውም፤ ይለውጠዋል። ማብቂያው የሚደርሰው ለሁለተኛው ባለቤት ነው። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ዋትስአፕ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ባለ አይፎን ላይ አይሠራም፤ አይፎን 6 በዚህ ወጥቷል። መስታወቱ ቢያብረቀርቅም፣ ሜሞሪው 128 ቢሆንም የሚለወጥ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ ቦርሳ ሆኗል። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ፣ የባንክ አፖችም ከተስፋፉ በኋላ፣ ደመወዝ፣ እቁብና የቤት ኪራይ በስልክ ያልፋሉ። የደኅንነት አፕዴት የቆመበት ስልክ ቀዳዳው በየጊዜው ይታወቃል፤ ደፋኙ ግን የለም። ቁልፉ የጠፋበትን ሰው ቤት በር ላይ ገንዘብ እንደማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድሮይድ ዓለም ማስተካከያው ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጉግል ያዘጋጀዋል፣ የቺፕ አምራቹ የራሱን ክፍል ያስተካክላል፣ ስልኩን የሠራው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ሞዴል ያዛምደዋል። ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መጨረሻው ላይ፣ በተለይም በርካሽ ሞዴሎች ላይ ነው። ለእነዚህ አፕዴት መሥራት ወጪ እንጂ ትርፍ የለውም። ስለዚህ የሚጎዳው አቅሙ ዝቅተኛውን ሞዴል ብቻ የፈቀደለት ሰው ነው።

«ድሀ አገር ውስጥ ስልኩ መገኘቱ ራሱ ተመስገን ነው፤ አፕዴት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በየዓመቱ ስልክ የሚለውጥ ሰው የአፕዴት ዘመን ባይጠይቅ አይጎዳም። አንድ ስልክ አምስት ዓመት ሊይዝ ያቀደ ሰው ግን ካልጠየቀ ለሁለት ዓመት ዕቃ የአምስት ዓመት ዋጋ ይከፍላል።

▪️ ምን ይደረግ?

ሌሎች አገሮች መንገዱን ጀምረውታል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አምራቾች የደኅንነት አፕዴት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጡ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አንድ ሞዴል ለገበያ መቅረቡ ካቆመ በኋላ አፕዴቱ ለአምስት ዓመት እንዲቀጥል ሕጉ ይጠይቃል። ጉግልና ሳምሰንግም ለውድ ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ስለዚህ አይቻልም የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አያስኬድም።

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አፕዴቱ መቼ እንደሚቆም ከጥራት መረጃ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ ስልኮችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። በዚያ ሂደት አንድ ጥያቄ መጨመር በጀት አይፈልግም፦ «ይህ ሞዴል የደኅንነት አፕዴት የሚያገኘው እስከ መቼ ነው?» መልሱም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ካርቶኑ ላይ ይታተም። አገር ውስጥ ለሚገጣጠሙትም ያው ሕግ ይሥራ። ባንኮችም ደንበኛው የያዘው ስልክ አፕዴቱ እንደቆመ ሲያውቁ አፑን ድንገት ከመዝጋታቸው በፊት ወራት ቀደም ብለው ያስጠንቅቁ።

ሕጉ እስኪመጣ ገዢው ባዶ እጁን አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ የመጨረሻው የደኅንነት አፕዴት ቀን ተጽፎ ይገኛል። ገንዘብ ከመቁጠር በፊት እሱን ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀኑ ከዓመት በላይ ያለፈበት ከሆነ የሻጩ ራምና ሜጋፒክስል ብዙ ትርጉም የለውም። አዲስ ከሆነም «አፕዴቱ እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሻጩ መልሱን ላያውቅ ይችላል። አሥር ሰው ሲጠይቀው ግን አስመጪውን ይጠይቃል፤ አስመጪውም አምራቹን። የሉሚያ ገዢዎች ይህን ጥያቄ ያነሱት ገንዘቡ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነበር።