የሠራችሁትን ጻፉት

ዛሬ የምናነሳው ስለ ሰማይ ነው፤ ነገሩ ግን ከእናንተ ሥራ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤል የ24 ዓመት ወጣት፣ በእንግሊዝ የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የምትጠቀምበትን ራዲዮ ቴሌስኮፕ ከሌሎች ጋር ሆና የሠራችው ራሷ ናት፤ ሜዳ ላይ መዶሻ ይዛ ምሰሶ ተክላለች፣ ሽቦ ዘርግታለች። መሣሪያው በየቀኑ 30 ሜትር ያህል ወረቀት ያወጣል፤ ያንን ሁሉ በዓይኗ የምትመረምረው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከመቶ ሜትር በሚበልጥ ወረቀት ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የምታህል እንግዳ ምልክት አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፋት ነበር። እሷ ግን የቆዩ ወረቀቶችን አገላብጣ ምልክቷ ከዚያው የሰማይ ክፍል ደጋግማ መምጣቷን አረጋገጠች። አለቃዋ መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ነገር መስሏቸው ነበር። በፈጣን መቅጃ ሲቀረጽ ግን በየ1.3 ሰከንዱ ሳያዛንፍ የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ፐልሳር ይህ ነው፤ የፈነዳ ትልቅ ኮከብ ቅሪት ሆኖ እንደ አምቡላንስ መብራት እየተሽከረከረ የራዲዮ ጨረር የሚልክ። ዛሬ ከ3 ሺህ በላይ ፐልሳሮች ይታወቃሉ።

በ1974 ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የተሸለሙት አለቃዋ አንቶኒ ሂዊሽ ናቸው። የእሷ ስም አልተጠራም።

ሆኖም ማን እንዳየው ሊካድ አልቻለም። ወረቀቱ ነበር፤ በምርምር ጽሑፉም ላይ ስሟ ሁለተኛ ሆኖ ሰፍሯል። በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲሰጣት፣ ዕድሉን ያላገኙ ወጣቶች ፊዚክስ እንዲማሩበት ለገሰችው።

የእናንተም ሥራ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ የሚያየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጻፉት። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ በየወሩ የተቀበላችሁትን ደመወዝ፣ የቀረባችሁን፣ ያለ ዕረፍት የዋላችሁበትን ቀን መዝግቡ። የውላችሁን ፎቶ አንሱ። ስልክ ሊጠፋ ወይም ሊወሰድ ይችላልና ለምታምኑት የአገር ቤት ዘመድም ላኩ።

ማስታወሻ ብቻውን ደመወዝ አያስከፍልም። ነገር ግን ክርክር ሲነሳ የእናንተ ቃል ከአሠሪው ቃል ጋር ባዶ እጁን እንዳይቆም ያደርጋል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት መስመር ጻፉ፤ መቼ እንደገባችሁና መጨረሻ የተከፈላችሁ መቼ እንደሆነ።