በነፃ የመጣ ኮድም ይመዘን

ብዙዎቻችን ደብተሩን ትተን ዱቤያችንንና ሂሳባችንን በኮምፒውተር መያዝ ጀምረናል። ፕሮግራሙን የሚሠራልን አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ልጅ፣ የእህት ልጅ ወይም የጎረቤት ተማሪ ነው። ልጁ ሁሉን ነገር ከባዶ አይጽፍም። ቀን የሚቀይርለትን፣ ደረሰኝ የሚያትምለትን ትንንሽ ኮድ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ከለቀቁት ያመጣል። ላይብረሪ ይሉታል፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ደግሞ ኦፕን ሶርስ። በዚህ ክፋት የለም። እኔ የምቃወመው «ይሄ የልጆቹ ጉዳይ ነው» የሚለውን ነው። የማታውቁት ሰው ሸቀጥ መጋዘናችሁ ሲገባ ሳትቆጥሩ ትፈርማላችሁ? የተማርኩት ኮሜርስ ነው እንጂ ኮድ አይደለም፤ ከዚህ በታች ለምለው ግን ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን እንውሰድ። ናይሮቢ ያለው አቅራቢ በፈረንጅ ቀን ይጽፋል፣ ሐዋሳ ያለው ደንበኛ በእኛ። በመሃል ቀኑን የሚቀይር ላይብረሪ ይገባል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን እናቶቻችን ያለ ካልኩሌተር ያውቁታል፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። ዓመቱን ለአራት አካፍላችሁ 3 ከተረፈ ያ ዓመት ነው። 2015 እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆነና እንቁጣጣሽ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ሴፕቴምበር 11 ነው። ይህን የዘነጋ ላይብረሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከዚያ ፈረንጆቹም አንድ ቀን ስለሚጨምሩ ነገሩ ራሱን ያቃናል።

የሚያታልለውም ይኸው ነው። በአራት ዓመት አንዴ ለአምስት ወር ተኩል ብቻ የሚታይ ስህተት ነው። ልጁ በዛሬው ቀን ይሞክረዋል፤ ልክ ነው። በአድዋ በዓል ይሞክረዋል፤ የካቲት 23 በዚያም ዓመት ማርች 2 ስለሚውል አሁንም ልክ ነው። በገና ይሞክረው። በ2016 ጃንዋሪ 7 የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2017 ግን ታኅሣሥ 29። ሁለቱን በትክክል ካልመለሰ ላይብረሪው ይመለስ።

አንድ ቀን ምን አላት የሚል አይጠፋም። የ30 ቀን ዱቤ ወስዶ በ31ኛው ቀን የከፈለ ሰው አቅራቢው ዘንድ ምን እንደሚባል ድንበር ተሻግሮ የነገደ ያውቀዋል። «ኮምፒውተሩ ነው» ማለት እዚያ አይሠራም።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ብርና የኬንያ ሽልንግ መቶ ሳንቲም አላቸው፤ የጅቡቲ ፍራንክ በሳንቲም አይቆጠርም። ሁሉንም በመቶ የሚያካፍል ኮድ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ልጆቹ ጊትሃብ ላይ ስንት ኮከብ እንዳለው፣ ስንት ሰው እንዳወረደው ይነግሯችኋል። እኔ ይህን ማስረጃ አልለውም፤ ወረፋ የበዛበት ሱቅ ሁሉ ሚዛኑ ትክክል አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት ስትሪም የሚባል፣ በጣም ብዙ ሰው የሚያወርደው ላይብረሪ ነበር። ጸሐፊው ራሱ መጠቀም አቁሞ ስለነበር ላግዝህ ብሎ ለመጣ የማያውቀው ሰው አስረከበው። ተረካቢው ሌላ ትንሽ ላይብረሪ አስከተለበት፤ በዚያች ውስጥ ኮፔይ ከሚባል የቢትኮይን ቦርሳ ለመስረቅ የተሰናዳ ኮድ ተደብቆ ነበር። ሌባው የገባው ሁሉም በሚያውቀው ስም ተከትሎ ነው። ስለዚህ ልጁን ጠይቁት፦ ያመጣኸው ማንን አስከትሎ መጣ? ቀን መቀየር መደመርና ማካፈል ነው። ለዚህ ሥራ አሥር ሌሎች አስከትሎ የሚመጣ ላይብረሪ እኔ ቤት አይገባም።

ኮዱ ከተነካ ሦስት ዓመት ሆነው ብለው ልጆቹ ሲጥሉትም አይቻለሁ። እዚህ ላይ አልስማማም። የዘመን አቆጣጠራችን አልተቀየረ፣ ኮዱ ለምን ይቀየር? የቀረጥ ወይም የምንዛሪ ተመን የያዘ ከሆነ ግን የሦስት ወር ዕድሜም ብዙ ነው። ከቀኑ ይልቅ የማየው ቅሬታውን ነው፦ ስህተት አገኘሁ ብሎ የጻፈ ሰው መልስ አገኘ ወይስ ደብዳቤው እዚያው ቀረ?

ፈቃዱንም አስነብቡ። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በአደባባይ ቢቀመጥም የጸሐፊው ንብረት ነው፤ ውሰዱ አላለም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ለንግድም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን እንዳለ ውሰዱት፣ ለደረሰ ጉዳት አልጠየቅም ይላል። ኪሳራው የእናንተ ነው ማለት ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ነበረች። ጸሐፊዋ በስም ጉዳይ ተጣልቶ ኤንፒኤም ከሚባለው ማከማቻ አነሳት፤ በእሷ ላይ የተደገፉ በየአገሩ ያሉ ፕሮግራሞች መገንባት አቃታቸው። ለ11 መስመር ከሆነ ልጁ ራሱ ይጻፈው። ከዚያ ለሚበልጠው፣ የፈተናችሁትን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ፤ አዲሱ ቅጂ ሳይፈተን በራሱ እንዳይገባም ልጁ ይቆልፈው። ስህተት ካገኘ ለጸሐፊው ይጻፍለት።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ሁለቱን ቀኖች ከሁለቱ ገናዎች ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ዛሬ ማታ ለልጁ ስጡት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።