መሪው ይጣመም፣ ሂሳቡ ይከፈል

«ጌታዬ፣ መኪናዋ እኮ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ መሪውን ይለምዱታል!» ይህቺ አባባል በአዲስ አበባ ጋራዦች የሥራ ማስረከቢያ ሆናለች። እኔ ግን እላለሁ፦ ከአላይመንት በኋላ መሪው ወደ አንድ ወገን ዘመም ካለ ሥራው አላለቀም።

ባለሙያ አስቀድሞ መሪውን መሐል ላይ አድርጎ ያስረዋል፤ ከዚያ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ያስተካክላል። ችኩሉ አንዱን ወገን ብቻ ይጠመዝዝና ማሽኑ «ልክ ነው» ሲለው እጁን ይታጠባል። ጎማዎቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ መሪው ግን ተጣሞ ይቀራል።

ይባስ ብሎ መሪውን ነቅሎ፣ አዙሮ የሚገጥም አለ። ይህ ጥገና ሳይሆን ሽፍንፍን ነው! ከታች ያለው ጥርስ መሐሉን እንደሳተ ስለሚቀር መኪናዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል አትታጠፍም። ኤርባግ ካለውማ መነካካቱ ራሱ አደጋ ነው። መድኃኒቱ መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ሁለት ዘንጎች፣ አንዱን ማሳጠር፣ ሌላውን በዚያው ልክ ማስረዘም ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጠማማው መሪ ሳይሆን «ይለመዳል» የምትለዋ ቃል ናት። ስንቱን ጠማማ ነገር በእሷ ተቀበልን! እንግዲህ ወዳጄ፣ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ቀጥ ባለ መንገድ ነድተው ይዩት። ካልቀና ይመልሱት።