ቲቢ «በዘር» ነው? ቫይታሚን ዲስ ያድናል?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ በፊት አባቴ በቲቢ ታሞ ነበር፣ አሁን ደግሞ እህቴ። በዘራችን አለ ማለት ነው? ቫይታሚን ዲ ብንጀምርስ?» ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ሳይንሱ። የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ሲደርስ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል። መዋጥ ብቻ ግን አይበቃም፣ መግደል አለባቸው። ቫይታሚን ዲ የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው። ሴሉ ውስጥ ያለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ካቴሊሲዲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ እንዲመረት ያደርጋል።

ተቀባዩን የሚሠራው ጂን ክሮሞዞም 12 ላይ ነው፤ ከሰው ሰው ጥቃቅን ልዩነት አለው። ልዩነቱ ለውጥ ያመጣል ወይ? ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በ2011 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ለቲቢ ታካሚዎች ከመድኃኒታቸው ጋር ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ ተሰጣቸው። በጥቅሉ ሲታይ አክታቸው ከባክቴሪያ የሚጸዳበትን ጊዜ በጉልህ አላሳጠረውም። አንድ ዓይነት የጂን ልዩነት የነበራቸው ጥቂት ሰዎች ግን ቶሎ ጸዳላቸው። ሞንጎሊያ ውስጥ ደግሞ ከ8,800 በላይ ተማሪዎች ለ3 ዓመት በየሳምንቱ ቫይታሚን ዲ ወይም ማስመሰያ ክኒን ወስደው ነበር። በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ቫይታሚኑ በቲቢ ከመያዝ አላዳናቸውም።

እንግዲህ የኔ አቋም ይሄ ነው።

1. «በዘራችን አለ» ማለት ይቅር። ጂን ሚዛኑን ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፣ ግን ባክቴሪያው ከሌለ ቲቢ የለም። አባትና ልጅ የሚጋሩት ጂን ብቻ አይደለም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የተዘጋ መስኮት፣ አንድ አየርም ይጋራሉ። «የዘር በሽታ» የሚለው ወሬ የሚያተርፍልን ትዳር ማፍረስና በሽታ መደበቅ ብቻ ነው። የተደበቀ ቲቢ ደግሞ ቤት ያለውን ሁሉ ያዳርሳል።

2. ቫይታሚን ዲ የቲቢ መድኃኒት አይደለም። ለተለመደው ቲቢ በአብዛኛው የሚሰጠው ሕክምና 6 ወር ነው። በ2ኛው ወር «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን ትቶ ቫይታሚን መዋጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መጋበዝ ነው። ቫይታሚኑ ሲበዛም ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ቲቢ ራሱ ካልሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ለታካሚ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጥረት ካለባችሁ ሐኪማችሁ መጠኑን ይወስንላችሁ።

3. ለዚህ ብላችሁ የጂን ምርመራ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የምትወስዱት መድኃኒት አይቀየርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ዛሬውኑ ተመርመሩ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ይታይ፣ በተለይ ሕፃናት። መስኮት ክፈቱ። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው።

ለጠያቂዬ፦ እህትሽ ትድናለች፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከጨረሰች። አንቺም ነገ ጠዋት ሄደሽ ተመርመሪ።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።