ገና ያልወጣ ጌም የሚጠብቁ ልጆች

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ዲሲፕሊንና ስለ ወላጆች ተሳትፎ መጻፍ ልማዴ ነው። ዘንድሮ ግን የምጽፈው ስለ አንድ ቪዲዮ ጌም ነው። ያውም ገና ስላልወጣ ጌም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኅዳር ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደብተሩን በማይነበብ ጭረት ሲሞላ ተገኝቶ ወደ ቢሮዬ ተላከ። ደብተሩን አገላበጥሁት። ከስምንት ገጽ በላይ በወፍ እግር የተጫረ በሚመስል ምልክት ተሞልቷል። “ይህ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁት። “የዘንዶዎች ፊደል ነው ጋሼ” አለኝ። ሣቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡ። ይህ ልጅ ከመምህሩ በኩል የደረሰኝ ሪፖርት “ፊደል ገና አልለየም፤ ኀምስና ሳድስ ይቀላቅላል” የሚል ነበር። “የራስህን ፊደል ሳትጨርስ የዘንዶ ፊደል ትማራለህ?” ብዬ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና “ጋሼ፣ በዚህኛው ማንበብ የምፈልገው ነገር ነበረኝ” አለ። እኔም ደብተሩን ቀምቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት።

በዚያ ሰሞን መልሱ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነገሩን ለማወቅ ሞከርሁ። ፊደሉ ስካይሪም ከሚባል ጌም የመጣ ነው። ስካይሪም “ዘ ኤልደር ስክሮልስ” የተባለው ተከታታይ ጌም አምስተኛ ክፍል ሲሆን፣ የስሙ ትርጉም የጥንት ጥቅል ብራናዎች እንደማለት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ፤ ስካይሪም ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011። የሚሠራው ቤተዝዳ ጌም ስቱዲዮስ የተባለ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚገኝ ድርጅት ነው። ሮል ፕሌይንግ የሚባለው የጌም ዓይነት ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በዚያ ሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚኖርበት ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን፣ ማንን እንደሚረዳ፣ ማንን እንደሚከዳ ራሱ ይመርጣል። በስካይሪም ዓለም ውስጥ ተገልጠው የሚነበቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ አጫጭር መጻሕፍት አሉ። ዘንዶዎቹም የራሳቸው ቋንቋና ፊደል አላቸው።

የስድስተኛው ክፍል መምጣት እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ተነገረ። የታየው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ቪዲዮ ነው፤ ተራራ፣ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም ስሙ። ሌላ ምንም የለም። ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍ ድረስ የሚወጣበት ቀን አልተነገረም። ተማሪያችን የተወለደው ስካይሪም በወጣበት ዓመት ነው። ቪዲዮው ሲታይ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር፤ አሁን ድምፁ ጎርንኖ፣ ከእኔ ቁመት ደርሶ አሁንም ይጠብቃል። አባቶቻችን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ያሉት ይህን ዓይነቱን ሳይሆን አይቀርም።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሳነሳ አብዛኞቹ ስለ ጌም ማውራት በግቢ ውስጥ ይከልከል አሉ። ከወላጆችም ይህንኑ የሚደግፉ ነበሩ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ መጠበቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ የነበረው በጥቂት ቤት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ሰዓቱ ሲደርስ የጎረቤት ልጆች ሁሉ አንድ ደጃፍ ላይ እንሰበሰብ ነበር። ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ሰብለ ወንጌል ምን ትሆናለች፣ በዛብህስ ምን ይገጥመዋል እያልን እንከራከራለን። አያቴ “ይህ ሳጥን ልጆቹን ከሥራ አስፈታ” ይሉ ነበር። ዛሬ ግን አማርኛዬን ከየት አገኘኸው ብትሉኝ ከክፍል እኩል ያንን ደጃፍ እጠራለሁ። የሚጠብቅ ልጅ ያስባል፣ ይገምታል፣ ይከራከራል። ምንም የማይጠብቅ ልጅ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

ሁለተኛው ምክንያቴ የልጁ መልስ ነው። እዚህ ናይሮቢ የሚያድጉ ልጆቻችን በመንገድ ስዋሂሊ፣ በክፍል እንግሊዝኛ፣ በቤት ደግሞ የተቀላቀለ አማርኛ ይናገራሉ። ፊደላችን ሠላሳ ሦስት ሲባዛ በሰባት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው፤ ይህ ለእነሱ ብዙ ነው፣ ይከብዳቸዋል እያልን ለዓመታት አዘንንላቸው። ነገር ግን ይኸው ልጅ ማንም ሳያስገድደው፣ ያለ መምህርና ያለ ፈተና፣ ማንም ሰው አፉን ያልፈታበትን ፊደል በቃሉ ያዘ። ስለዚህ ችግሩ የመያዝ ችሎታ አይደለም። ልጁ ሊያነበው የሚጓጓለትን ነገር በአማርኛ አላቀረብንለትም። ይህ የልጁ ሳይሆን የእኛ የትምህርት ቤቱና የቤተሰቡ ጉድለት ነው።

ይህን ስል ጌም ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ወላጆች ሦስት ነገሮችን እንድታስተውሉ አደራ እላለሁ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። ስካይሪም በአሜሪካ የተሰጠው የዕድሜ ደረጃ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ተማሪያችን የተጫወተው በታላቅ ወንድሙ ኮምፒዩተር ነው፤ ቤተሰቡም ደረጃ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። ደረጃው በሽፋኑ ላይ ወይም በሚሸጥበት ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዩት። ስድስተኛው በዘገየ ቁጥር ልጁ ለዕድሜው እየደረሰ መሆኑ አንድ ማጽናኛ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ትልልቅ ጌሞች በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ሳይወጡ አስቀድመው የሚያስከፍሉም አሉ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2012 ተነግሮ፣ ቀኑ ደጋግሞ ተገፍቶ በዲሴምበር 2020 ወጣ። አስቀድመው የከፈሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። ሲወጣ ግን በተለይ በአሮጌዎቹ ማጫወቻዎች ላይ በስሕተት የተሞላ ስለነበር ሶኒ ከመሸጫው አንሥቶ ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ ሠሪውም ገዢውም። ልጆቻችን ያላዩትን ዕቃ በኤምፔሳ እንዳይከፍሉ አስተምሯቸው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ጌም በደንብ ልጫወተው ላለ ሰው ከመቶ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የእኛ አማርኛ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ ሂሳብ በዓመት መቶ ሰዓት አይሞላም። ይህን ስሌት ለተማሪዎች በሰልፍ ላይ ስነግራቸው ሣቁ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረግን? በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአማርኛ መምህራችን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል አንድ ሥራ ሰጠች። “ጌም ብትሠሩ ዓለሙ ምን ይመስላል? በአማርኛ ጻፉ። ቦታው ግን ከእኛ አካባቢ ይሁን።” ለልጆቹ ምሳሌ እንዲሆናቸው በካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን “ኦሪዮን”ን አሳየቻቸው፤ ከአፍሪካ ባህልና ተረት የተቀዳ የራሱ ዓለም ያለው ሮል ፕሌይንግ ጌም ነው። ጌም የሚሠራው በአሜሪካና በጃፓን ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች ለጥቂት ደቂቃ ዝም አሉ።

ደብተሩን የቀማሁት ልጅ ሁለት ገጽ ተኩል ጻፈ። ታሪኩ በዳናክል በረሃ የግመል ቅፍለት ስለሚጠብቅ ልጅ ነው። በጌሙ ውስጥ ገንዘቡ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ በእውነትም ገንዘብ እንደነበረ ለማረጋገጥ አገር ቤት ላሉት አያቱ ስልክ ደውሎ እንደጠየቀ ነገረኝ። አያትየውም ግማሽ ሰዓት እንዳወሩት እናቱ አጫወተችኝ፤ ከዚያ በፊት በስልክ “ደኅና ነኝ” ከማለት አልፎ አያውቅም ነበር። ጽሑፉ በስሕተት የተሞላ ነው፤ ሳድሱ አሁንም ኀምስ ይሆንበታል። የዓመቱ ውጤቱም ተአምር አላሳየም። ከክፍሉም አራት ልጆች ትእዛዙን ትተው ስለ አርሰናል ጽፈዋል። ቢሆንም ሁለት ገጽ ተኩል አማርኛ በራሱ ፈቃድ የጻፈ ልጅ፣ ዓመቱን ሁሉ አንድ አንቀጽ ከማይጨርስ ልጅ ጋር አንድ አይደለም።

በወላጆች ቀን እናቱ ወደ እኔ መጥታ “መምህር፣ ይህስ ይሁን፤ ጌሙ የወጣ ዕለት ግን ልጄን ምን ላድርገው?” አለችኝ። እውነቱን ነገርኋት። ያን ሳምንት ልጁ ልቡ ከእኛ ጋር አይሆንም። ስለዚህ ስምምነቱ ዛሬ ይደረግ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን፣ በፈተና ሰሞን ምን እንደሚሆን በወረቀት ይጻፍ፣ ልጁም ይፈርም። ዛሬ ጌሙ በእጁ ስለሌለ በቅን ልብ ይደራደራል። በእጁ ከገባ በኋላ ግን ድርድሩ ጠብ ይሆናል። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” የተባለው ለዚህ ነው። ስምምነቱን በአማርኛ ይጻፈው ብዬም ጨምሬያለሁ።

ደብተሩን በሰኔ መጀመሪያ መለስሁለት። በኅዳር ሳልሰማው መቆጣቴንም ይቅርታ ጠየቅሁት። “ምንም አይደል ጋሼ፣ ሌላ ጀምሬ ነበር” አለኝ።

ለቀጣዩ ዓመት ቤተ መጻሕፍታችን በአማርኛ የተጻፉ የተረትና የጀብዱ መጻሕፍት ያስፈልጉታል። በቤታችሁ ያለ፣ ከአገር ቤት ስትመለሱም በሻንጣችሁ ጥግ የሚገባ መጽሐፍ ካለ አምጡልን። የሚጠብቁት ጌም መቼ እንደሚወጣ እኛ አንወስንም፤ እስከዚያ ምን እንደሚያነቡ ግን በእኛ እጅ ነው።

መልካም የክረምት ዕረፍት ይሁንላችሁ።