ስለ ልብስ ቀለምና ስለ ተማሪ ኪስ

የተማሪ ኪስ ጠባብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ደምቀን እንታይ በማለት የደብተርና የምሳ ገንዘባችንን ለሙሉ ልብስ የምናውል አለን። ይህ አያስፈልግም እንላለን።

የመተማን ገበያ እንመልከት። የሱዳን ሴቶች ተራውን ቀሚስ ከውስጥ ለብሰው፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል የሚሆነውን ባለቀለም ቶብ ከላይ ይከናነባሉ። የሚያደምቃቸው ያ አንድ ጨርቅ ነው። እናቶቻችንም ቢሆኑ ቀለሙን በነጠላቸው ጥለት ላይ ብቻ ያሳርፉታል፤ የቀረው ነጭ ነው፤ ነጭም ለቆላ ፀሐይ ይስማማል።

ስለዚህ ነጭ ሸሚዝና ካኪ ሱሪ ያለው ተማሪ አንድ ባለቀለም ሸሚዝ ቢጨምር፣ እኅታችንም አንድ ሻሽ ብትጨምር ይበቃል። ከሰልባጅ ተራ መግዛትም አያሳፍርም። ቀለሙ እንዳይለቅና እንዳይደበዝዝ ለብቻው አጥቦ በጥላ ማስጣት ነው። የሚያሳፍረውስ ጥጥ ከሚበቅልበት ከመተማና ከቋራ መጥቶ ለናይሎን መበደር ነው።

ደግሞም አንድ ልብስ በሚደጋግም ወንድማችን ላይ ማፌዝ ይቅር። ለብዙ ወጪ የሚዳርገን ብርዱ ሳይሆን ፌዙ ነውና። ቀለም ልንቆጥር የመጣን ሰዎች ስለ ቀለም ብለን ጦም ማደር አይገባንም።